ቁጠረኝ

ሻንጣው ከራሱ በላይ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣
ከመካነ ሰላም ወጣ፣ ስንቱን አገር አዳርሶ፣
ባንድ እጁ የታጠፈ ካርታ፣ ባንድ እጁ ኮዳ በሶ።

«ኦንድራ እባላለሁ» አለን፤ ማንም አልያዘለት።
እነሸህ ይመር ወዲያው «እንድሪስ» አሉት፣
ቄስ ፈንታው ደግሞ «እንድርያስ» አሉት፤
ለሁለቱም ጥሪ እኩል «አቤት» ማለት ለምዶ፣
ሰደቃም፣ ተዝካርም ይቀመጣል ሄዶ።

የኔ ሥራ ማስተርጎም፣ ሳጥን መሸከም ነው፣
በረዶ የሞላው ሳጥን፣ ክትባቱ ያለው።
የሱ፣ ያለ ደሞዝ፣ በገዛ ገንዘቡ፣
የኛን ውሻ መክተብ፣ እብደቱ ሽቅብ ወጥቶ
ቀይ ቀበሮ እንዳያልቅ በሰበቡ።

«የውሻው ስም ማነው?» አለ፣ ከፍቶ መዝገቡን።
«ምናገባህ!» አሉት አራጋው፣ ነፍተው ደረታቸውን።
ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀላ እስከ አንገቱ፤
እኛ ሳቅ ገደለን፣
ውሻው ነዋ ስሙ «ምናገባህ» ማለቱ!
ከዚያ ወዲያ መዝገቡ ላይ ሰፈረ መንደሩ፤
«ቀን አለ»፣ «ሰው ጠፋ»፣ «ይየው»፣ «ተናገሩ»፤
ፊት ለፊት የማይባለው፣ በውሻ ስም ነው ነገሩ።

እመት ዙሪያሽ ብቻ እምቢ አሉ፤
«አልረሳም»ን ካልጋ ሥር ደብቀው
ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ በትራቸውን ይዘው።
«የልጅ ልጄ ክትባት አልቋል ተብሎ ቀርቷል፤
ለውሻ ሲሆን በበረዶ፣ ባሕር ይሻገራል።
ሕዝብ ሲቆጠር የኔን ጎጆ ቆጣሪው ዘሎታል፤
ዛሬ ደግሞ ቀበሮ፣ ሰው ተቀጥሮ ይቆጥራል!»

ምን ብዬ ልተርጉምለት?
«ሥራ ይዘዋል፣ ሌላ ቀን» አልኩት።

ጎሕ ሲቀድ ደንቆሮ ጫካ። ስሙ ነው እንጂ ደንቆሮ፣
ጫካው ኮሽታ አይስትም፣ ሁለመናው ነው ጆሮ።
ከአስታው በላይ፣ ጓሳው ላይ፣ በደረት ተኝተን፣
ቀበሮዋ ፍልፈል ስትጠብቅ፣ እኛ እሷን ጠብቀን፣
ፍልፈሉ ማንን እንደሚጠብቅ እንጃ፤
ብርዱ ብቻ ጥርሳችንን ሲያፋጨን።
«አሥራ አንድ» ይላል በሹክሹክታ።
«አሥራ አንድ» እጽፋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አሥር።
አንዷን ከጅብራው ሥር አገኘናት፣ አፏ ሙሉ አረፋ፣
ፀጉሯ ያው ቀይ ነበር፤ ቀይነቱ አልጠፋ።
ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ ያውም በድምፅ።

ወሬው ቁልቁል ወረደ። መንደሩ መጀመሪያ ሳቀ፤
«ለቀበሮ?» አለ፤ ቀጥሎ ግን ነጠላውን አዘቀዘቀ።
ሸህ ይመር «አላህ ይተካ»፣ ቄሱ «ያጥናህ» አሉ፤
ልቅሶ የማን ነው አይባልም ብለው
ንፍሮ ይዘው መጡ ሁሉ።

መጨረሻ ላይ እመት ዙሪያሽ፤
«አልረሳም»ን በገመድ፣ እየጎተቱ አመጡት።
«ላዘነ ሰው እምቢ አይባልም፤ እንካ ውጋው» አሉት፤
«ነገሩን ግን አልረሳሁም!»
ይህችን አንዲት ሳላጎድል ተረጎምኩለት።
«ገባኝ» አለ፣ በአማርኛ።

የሄደ ቀን አውቶብሱ ጣራ ላይ፣ ሻንጣው ከፍየል ጋር ታስሮ፣
«ቀጥሎ ኤሊ ነው» አለኝ፣ አንድ ባሕር ዳር አገር ጠርቶ።
እዚያስ ማን ብለው ይጠሩት ይሆን?
መዝገቡን ለኔ ተወልኝ፤ እስክሪብቶው ቀለም ጨርሷል።
የልጁ ክትባት አሁንም፣ «በሚቀጥለው ወር» ተብሏል።

በጥቅምት እመት ዙሪያሽ ቡችላ አመጡ፣ ነጠብጣብ፣
ጆሮው ገና ያልቆመ።
ሳጥኔን ይዤ ሄድኩና ስሙን ብጠይቃቸው፣
ሽቅብ አዩኝ፤ ሳቅ አለ ዓይናቸው፤
«ቁጠረኝ» አሉ።

ማታ ማታ ከገደሉ አፋፍ ሲጣሩ እሰማለሁ፤
«ቁጠረኝ! ኧረ ቁጠረኝ!»
ገደሉም ተቀብሎ ያንኑ ይላል።
መዝገቡን እገልጣለሁ፤ በውሻው ስም ትይዩ፣
«ባለቤት» በሚለው ስር፣
ዙሪያሽ፣ እላለሁ። አንድ።